የፕላስቲኩ ዋጋ

የተካልኝ ሬሳ በሥራ ክፍሉ ምንጣፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሳለ፣ ሳሎን ውስጥ ዘመዶቹ የሚጣሉት ስለ እሱ አልነበረም። ስለ አንድ የልጆች መጫወቻ ነበር። ዓይናለም ናይሮቢ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለውን ግቢ አልፋ በረንዳው ላይ ጫማዋን ስትጠርግ ጆሮዋ የገባው የመጀመሪያ ቃል «ቀደደችው!» የሚል ጩኸት ነው። የሟቹ ሚስት፣ የወይዘሮ ታየች ድምፅ ነበር።

«ቀደደችው! ስንት ዓመት አቧራውን እየጠረግሁ ያኖርኩትን፣ ይቺ ከመጠለያ አውጥተን ሰው ያደረግናት ቀደደችው!»

ባሏ ሞቶ ለፕላስቲክ የምትጮህ ሴት ዓይናለም ከዚህ በፊት አላጋጠማትም። ቢሆንም አልገረማትም። ሥራዋ የሰውን ገበና ማየት ነው። ዌስትላንድስ ካለ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የውስጥ ምርመራ ክፍል ኃላፊ ናት፤ የሰረቀውን ከተሳሳተው፣ የዋሸውን ከረሳው ስትለይ ኖራለች። የናይሮቢ ሐበሻ «ወንፊቷ» ይላታል፤ በፍቅር ግን አይደለም። ሰርግ ሲጠሯት ዳር ያስቀምጧታል፣ ለቅሶ ስትመጣ ወሬ ያቆማሉ። እሷም ብትሆን እንዲወዷት ብላ አንድም ቀን ፈገግ ብላ አታውቅም።

በሩ ላይ ኢንስፔክተር ሙሊ ጠበቃት። ረጅም፣ ድካም የተጫነው ኬንያዊ ነው። አንድ የመጋዘን ዘረፋ አብረው መርምረው ስለነበር ይተዋወቃሉ።

«ማዳም፣ የጠራሁዎት ለትርጉም ብቻ ነው» አላት በእንግሊዝኛ። «ነገሩ አልቋል። ልጅቷን ይዘናታል።»

«ካለቀ ምን ያስተረጉማል?»

«ከአማርኛ በቀር አትናገርም። ቃሏን ልቀበልና ይዣት ልሂድ።»

«በመጀመሪያ ሟቹን ልየው» አለችና ፈቃዱን ሳትጠብቅ አልፋው ገባች።

ተካልኝ ዕድሜውን ሁሉ በአየር መንገድ የሠራ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ጭንቅላቱን የመታው ድንጋይ አጠገቡ ወድቋል። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ የሸለመው የእምነ በረድ ሐውልት ነው፤ መያዣው በጨርቅ ተወልውሏል። ጠረጴዛው ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል፣ አራት ጎኗ እኩል የሆነ የካርቶን ሳጥን ተከፍታ ተቀምጣለች። በላይዋ ላይ ባለ ብዙ ቀለም ዕንቁዎች ተሥለውባት «ጄም ባዛር» ተብሎ ተጽፏል። ውስጧ ባዶ ነው። ምንጣፉ ላይ ደግሞ የተቀዳደደ ስስ ላስቲክ ተበትኗል።

«ለዚህች ነው ሰው የሞተው?» አለች ዓይናለም።

«የመኪና ዋጋ ታወጣለች አሉኝ» አለ ሙሊ። «ያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። ውስጧ የነበረችውን የጌም ካሴት ከልጅቷ ኮት ኪስ አገኘናት። ኮቱ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ተሰቅሎ ነበር። ልጅቷ ጌም እንደምትወድ ሁሉም መስክረዋል። ልትሰርቅ ገባች፣ ያዟት፣ መታቻቸው።»

ልጅቷ ሐሊና ናት፤ የተካልኝ የሟች እህቱ ልጅ። ካኩማ ከሚገኘው የስደተኞች መጠለያ አውጥቶ ቤቱ ያስቀመጣት እሱ ነው። ካናዳ የመሄጃዋ ፈቃድ ከስንት መንከራተት በኋላ ወጥቶ፣ የሚቀራት አውሮፕላን መሳፈር ብቻ ነበር። ከእንግዲህ ግን ሙሊ በካቴና ይዟት ከበሩ ከወጣ፣ ፈቃዱ እንዳልነበረ ይሆናል። ስሙ ፖሊስ መዝገብ ላይ የሰፈረን ስደተኛ የሚቀበል አገር የለም። ይህን ሳሎን ውስጥ ያሉት ሁሉ ያውቁታል፤ እንዲያውም ሁለቱ ሦስቱ ይህንኑ እያሰቡ ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

«ቀባሪ እስኪሰበሰብ ጊዜ ስጠኝ» አለችው።

«ሬሳው መኪና እስኪመጣ ድረስ» አለ ሙሊ። «ከዚያ በኋላ ይዣት እሄዳለሁ።»

ሳሎኑ ውስጥ ሶፋዎቹ ከተገዙበት ቀን ጀምሮ ፕላስቲካቸው አልወለቀም። ሰው በተነሳና በተቀመጠ ቁጥር ይንጫጫሉ። ታየች ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ተቀምጣለች። ታላቅ ወንድሟ ረታ ከአጠገቧ ቆሟል፤ ጥቁር ሱፍ የለበሰ፣ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ጉባኤም ሽማግሌ የሆነ ሰው ነው። ከብብቱ ሥር ዚፕ ያለው ጥቁር የመጽሐፍ ቅዱስ ቦርሳ ሸጉጧል። ዓይናለምን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ባለፈው ዓመት በእሷ ሪፖርት ከሥራ የተባረረው ሰው የእሱ የቅርብ ጓደኛ ነበር።

«አንቺን ማን ጠራሽ?» አላት።

«ሟቹ» አለችው።

ረታ ፊቱን ወደ ለቀስተኛው መለሰ። «እንጸልይ» አለና ወደ እህቱ ጎንበስ ብሎ «ታየች፣ እስቲ መጽሐፍ ቅዱስሽን አቀብይኝ» አላት። ከእሷ ተቀብሎ መዝሙር አነበበ። ድምፁ ያምራል። ዓይናለም ግን ዓይኗን ጨፍና አልጸለየችም።

ጸሎቱ ሲያልቅ የሟቹን ልጅ ኢዮስያስን በረንዳ ላይ ጠራችው። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ናይሮቢ ያደገ፣ ኮምፒዩተር ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። ዓይኑ ደም መስሏል፤ ከኀዘኑ ንዴቱ ይበልጣል።

«ይህ ጌም ምኑ ነው የሚወደደው?»

«ሊስን አንቲ፣ ጌሙ ራሱ ናቲንግ ነው። ሦስት አንድ ዓይነት ዕንቁ ጎን ለጎን ስታደርጊ ይጠፋሉ፣ ፖይንት ታገኛለሽ። በቃ። ልጅ ሁሉ ቀድዶ ተጫውቶበታል። ያልተቀደደ ነው የሌለው። ፋክተሪው እንዳሸገው የቀረ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ኮሌክተሮች ይገዳደሉበታል።» ያለው ነገር ራሱን አስደነገጠው።

«የተከፈተውስ?»

«የተከፈተ? የምሳ ዋጋ አያወጣም። ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል።»

«አባትህ ከየት አመጣው?»

«ለእኔ ነበር የገዛልኝ!» ድምፁ ከፍ አለ። «ክላስ ስድስት እያለሁ ከፍራንክፈርት አመጣልኝ። ሪፖርቴ መጥፎ ሆነና ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለው። ‹ስታልፍ ትከፍተዋለህ› አለኝ። አለፍኩ፤ ረሳው። አሁን ዋጋውን ፈልጌ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ምን አለኝ መሰለሽ? ሽጬ ለሐሊና የካናዳ መቋቋሚያ እሰጣታለሁ! በዚህ ቤት ፕላስቲክ የሚከበረውን ያህል ሰው አይከበርም፣ ሰርየስሊ።»

«ይህን ሲል ማን ነበር?»

«ሁላችንም። ማዘር፣ አንክል ረታ፣ እኔ። እና ደግሞ ገዢውን ያገኘው አብደላ።»

«ሬሳውን ያገኘችው ሐሊና ናት አሉ፤ ስትደውልልህ ምን አለችህ?»

«‹ጋሼን ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ና።› የት ሆስፒታል ነው ስላት ስልኩን ዘጋችው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ወደሚታከምበት ሆስፒታል ነድቼ ሄድኩ። ሪሴፕሽን ላይ ስሙን ሳስፈልግ ቆየሁ። ከዚያ ማዘር ደውላ ጮኸችብኝ።» ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ሞተ ማለት ምን ያቅታታል? እናንተ ሰዎች ለምን ቀጥታ አትናገሩም?»

ዓይናለም ከእሱ ተለይታ ወጥ ቤት ገባች። ሐሊና የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣለች፤ አንዲት ሴት ፖሊስ በሩን ይዛለች። የልጅቷ ጉንጭ ላይ የታየች ጣቶች ቀልተው ይታያሉ። አታለቅስም። ያ ዓይናለምን ቅር አሰኛት፤ ሳታስበው ጠየቀቻት።

«አጎትሽ ሞቶ ለምን አታለቅሺም?»

«ገና አፌን ስከፍት ‹የአዞ እንባ› አሉኝ» አለች ሐሊና። «ለእሳቸው ሳላለቅስ ለራሴ መልስ ስሰጥ ዋልኩ።»

ዓይናለም በዚያ ጥያቄዋ አፈረች፤ ግን ለማፈር ጊዜ አልነበረም።

«የት ነበርሽ?»

«ከጓሮ ልብስ አስጥቼ ኪዮስክ ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ... ወድቀው አየኋቸው። ይነሡ እንደሆነ ብዬ ጠራኋቸው። እጃቸውን ስነካው ገባኝ።»

«ለማን ለማን ደወልሽ?»

«ለእትዬ ታየች፣ ለጋሽ ረታ፣ ለኢዮስያስ። አቶ አብደላ ደግሞ በጋሼ ስልክ ሲደውል አነሣሁለት።»

«ለሁሉም ምን አልሽ?»

«‹ጋሼን ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ይምጡ› አልኩ። ድምፄን ዋጥ አድርጌ።»

«ሞተ አላልሽም?»

ልጅቷ እንደ እብድ አየቻት። «መርዶ እንዴት በስልክ እናገራለሁ?»

«ይህን ጌም ታውቂዋለሽ?»

«ኢዮስያስ የጣላት አሮጌ ጌም ቦይ፣ በእጅ የምትያዝ መጫወቻ አለችኝ፤ ወፍ የምታበርር ካሴት ነው ያላት። ማታ ማታ እሷን እጫወታለሁ። የጋሼን ሳጥን ግን ነክቼም አላውቅ። ሸጠው ለእኔ ሊሰጡኝ የነበረውን ለምን እቀድደዋለሁ?»

ከጓሮው ወደ መንገድ የሚያወጣው የኋላ በር ቁልፍ ያላቸው እነማን እንደሆኑ ስትጠይቃት «ቤተ ዘመዱ ሁሉ» አለቻት። «እትዬ ታየች፣ ጋሽ ረታ፣ ኢዮስያስ። አቶ አብደላ ግን በፊት በር ነው የሚመጣ፤ ዘበኛው አስካሪ ይከፍትለታል።» ዓይናለም ልትወጣ ስትል ማጠቢያው አጠገብ አንድ ከረጢት ብርቱካንና ሁለት እሽግ ወተት አየች።

«ይህን ማን አመጣው?»

«ጋሽ ረታ። ሲመጡ ይዘውት ገቡ።»

ዓይናለም ከረጢቱን ትንሽ አየችውና ወጣች።

አብደላ የኢስትሊ ሰፈር ነጋዴ ነው፤ የሐረር ሰው፣ ከዱባይ ኤሌክትሮኒክስ እያስመጣ የሚሸጥ። አንድ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ፣ ሌላው ላይ ቆዳ ጫማ አድርጎ ግቢው ጥግ ቆሟል።

«ጫማህን አይተኸዋል?» አለችው።

«አሁን ነው ያየሁት፣ ወላሂ። ልጅቷ ‹ትንሽ አሟቸዋል› ስትለኝ ወዲያው ገባኝ። ኢናሊላሂ እያልኩ የሱቁን መዝጊያ ጎትቼ ማታቱ ታክሲ ላይ ዘለልኩ። ይህን ቃል ለሰው ስንል ኖረን የለ!»

«ገዢው የት ነው?»

«ከዱባይ ትናንት ገብቶ ሆቴል ነው። ዛሬ ማታ ይበራል። ከሰዓት በኋላ እዚህ ላመጣው ነበር። አሁን ደውዬ ሳጥኑ ተቀደደ ብለው፣ እህቴ፣ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነጋዴ አላየሁ። ‹ግድ የለም› አለኝና ዘጋው። ለአንዲት ፕላስቲክ ባሕር አቋርጦ የመጣ ሰው ግድ የለም ይላል?»

«ኮሚሽንህ ቀረ በለኛ።»

«ኮሚሽኑ ገደል ይግባ!» አለ አብደላ ቆጣ ብሎ። «ሰውየው ወዳጄ ነበር። እነዚህ ግን ገና ሲያዩኝ ‹ሌባውን ያመጣው እሱ ነው› አሉኝ። ቡና እንኳ አላሉኝም።»

ዓይናለም ተመልሳ ሥራ ክፍሉ ገባች፤ ሙሊም ተከተላት። የጎማ ጓንት ተቀብላ ከምንጣፉ ላይ ላስቲኩን ለቃቀመች። ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እንደ ተቀደደ ልብስ ገጣጠመቻቸው። ታጥፎ የኖረ ላስቲክ የታጠፈበትን መስመር አይረሳም። መስመሮቹን በጥፍሯ ተከተለቻቸው። ከዚያ ሳጥኗን አንሥታ በመስመሮቹ መሐል አስቀመጠቻት። አልገጠመችም። እንደገና አዙራ ሞከረች።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ ሙሊ።

«ልብስ እየለካሁ ነው። ካሴቷን ስጠኝ፤ የልጅቷንም ጌም ቦይ።»

ካሴቷን ሰክታ አበራቻት። ዕንቁዎቹ እየተሽከረከሩ ወጡ፤ ደስ የሚል ሙዚቃ በሬሳው ክፍል ውስጥ ተንቆረቆረ። ዓይናለም ጥቂት ቁልፍ ተጭና ስክሪኑን ለሙሊ አሳየችው። እሱ መነጽሩን አውጥቶ ረጅም ጊዜ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ድካም ተገፎ ነበር።

የቀሩት ታየችና ረታ ነበሩ። ሁለቱንም አንድ ላይ አነጋገረቻቸው።

«ይቺን እባብ ከቤቴ አውጪልኝ» አለች ታየች። «ባሌ ሥጋዬ ናት እያለ አመጣት፤ ሥጋው በላችው።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከሴቶች ጸሎት። ስልኩን ስሰማ እዚያው ወድቄ ጮህኩ። ሴቶቹ ደግፈው ነው ያመጡኝ።»

«ማን ሞተ ብሎ ነገረዎት?»

«ማንስ ቢነግረኝ! ትንሽ አሞታል ካሉ በኋላ ምን ይቀራል?»

ዓይናለም ወደ ረታ ዞረች። «እርስዎስ?»

«ቢሮ ነበርኩ። ሪፖርት እጨርስ ነበር።»

«ቅዳሜ?»

«እኛ ሰው ስናባርር አንውልም፤ እንሠራለን» አለ ረታ። «አሁን ይህን ድራማ አቁሚ። ፖሊሱ ሥራውን ጨርሷል፤ ልጅቷን ይውሰዳትና እኛ ሐዘናችንን እንቀመጥ። በዚህ ከተማ ስንት መርዶ ያረዳሁ፣ ስንቱን ያጽናናሁ ሰው ነኝ። ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚኮን አንቺ አታስተምሪኝም።»

«ልክ ነዎት» አለች ዓይናለም። «እርስዎ ያውቁበታል።»

የሬሳው መኪና ግቢ ሲገባ ሙሊ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ሐሊናም እጇን በካቴና ታስራ ቀረበች። ታየች ስታያት ምራቋን ወደ መሬት እንትፍ አለች። ኢዮስያስ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ አብደላ በር ላይ ቀረ፤ ረታ ሶፋው ላይ ተቀመጠና ፕላስቲኩ ተንጫጫ። ዓይናለም መሐል ቆመች። ለሙሊ በእንግሊዝኛ፣ ለቀሩት በአማርኛ እያፈራረቀች ጀመረች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ሁላችሁም ስትጮኹ የዋላችሁት ‹ሐሊና ቀደደችው› እያላችሁ ነው። ፖሊስም ይህን አመነ። ዋጋውን የሚያውቅ አይቀደውም፤ የቀደደው ዋጋውን የማያውቅ ነው፤ ዋጋውን የማታውቀው ደግሞ የወጥ ቤቷ ልጅ ናት። ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ፣ ማንም ምንም አልቀደደም።»

«ላስቲኩ እኮ መሬት ላይ ነው!» አለ ኢዮስያስ።

«ላስቲኩ የሌላ ዕቃ ነው። የጌሙ ሳጥን አራት ጎኑ እኩል ነው፤ የላስቲኩ እጥፋት ግን ረዘም ያለ ነገር ታሽጎበት እንደኖረ ያሳያል። የቪሲዲ መሸፈኛ ይመስለኛል። ሁለተኛ፣ ከሐሊና ኮት የተገኘችውን ካሴት ከፍተናታል። ደረጃው ሁሉ እስከ መጨረሻው ተጫውቶ አልቋል። ኢዮስያስ፣ ይህን ለመጨረስ ምን ያህል ይፈጃል?»

«ወራት» አለ ልጁ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ዌት። ሲልድ፣ ታሽጎ የነበረ ጌም ማን ተጫወተበት?»

«ማንም። ካሴቷም ሳጥኗም የሌላ ጄም ባዛር ናቸው፤ አንተ የምሳ ዋጋ አያወጡም ካልካቸው አንዱ። ገዳዩ ያንን ይዞ መጣ። ያልተቀደደውን ወስዶ የተከፈተውን ሊያስቀምጥ፣ ላስቲክ ሊበትንና ካሴቷን ኮት ኪስ ውስጥ ሊከት። ለምን? የተቀደደ ነገር የሚፈልግ ስለሌለ! ቢሰረቅ ፖሊስ ያስሳል፣ አብደላ ለነጋዴው ሁሉ ይነግራል፤ የተሰረቀ ደግሞ አይሸጥም። ተቀደደ ከተባለ ግን ሁሉም አልቅሶ ይተወዋል። ስለዚህ ይህን የሠራው የፕላስቲኩን ዋጋ ከሁላችንም አብልጦ የሚያውቅ ሰው ነው። ሐሊና አይደለችም። ሴትዮዋም አይደሉም፤ ሲጮኹ የዋሉት ተቀደደ ብለው ከልባቸው አምነው ነው።»

ታየች ቀና ብላ ሐሊናን አየቻት።

«ታዲያ የቀረነው እኛ ነን በያ» አለ አብደላ።

«አዎ፣ ሦስት ናችሁ። አንተ የኋላ በር ቁልፍ የለህም፤ አስካሪውም ጠዋት አላየህም። ገዢው ለምን ‹ግድ የለም› እንዳለህ ግን አሁን ይገባሃል። ሌላ ሰው ‹ያልተቀደደ አለኝ› ብሎት ነበር። ያ ሰው ዛሬ ማታ፣ አውሮፕላኑ ሳይነሣ ሊያገኘው ቀጠሮ አለው።»

ረታ ሰዓቱን አየ፤ ወዲያውም ማየቱን ጠላው።

«አሁን ስለ ስልኩ እንነጋገር» አለች ዓይናለም። «ሐሊና ለአራታችሁም አንድ ዓይነት ቃል ተናገረች። ‹ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ይምጡ።› ኢንስፔክተር፣ ይህ ለእናንተ የሕመም ወሬ ነው። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ይህ ቃል ሲመጣ ሰው ቆሞ የሰማ እንደሆነ ይቀመጣል። ሴትዮዋ ጸሎት ቤት ወደቁ። አብደላ ጫማውን አሳስቶ መጣ። ኢዮስያስ እዚህ ስላደገ ቃሉን እንዳለ ተቀብሎ ሆስፒታል ሄዶ አባቱን ሲያስፈልግ ነበር፤ ሪሴፕሽን ላይ ያዩት ሰዎች አሉ። አባቱ ቤት መውደቁን የሚያውቅ ልጅ እዚያ አይሄድም። አንድ ሰው ብቻ ብርቱካን ገዝቶ መጣ።»

ሁሉም ወደ ረታ ዞሩ።

«የታመመ መጠየቅ ነውር ነው?» አለ ረታ። ድምፁ አሁንም ያምራል።

«ለኢዮስያስ ነውር አይሆንም ነበር። እርስዎ ግን አሁን የነገሩኝ ምንድን ነው? በዚህ ከተማ ስንት መርዶ ያረዱ ሰው ነዎት። ያንን ቃል በስልክ ስንት ጊዜ ተናግረውታል? ሌላው ሐበሻ ሁሉ ቢሳሳት እርስዎ አይሳሳቱም። ያልሰማ ሰው መስለው ለመምጣት ሲጨነቁ፣ ያልሰማ ሰው ምን እንደሚሆን ረሱት። ልብዎ ስላልደነገጠ ገበያ ለመቆም ጊዜ አገኙ፤ ብርቱካን መረጡ፣ ወተት ጨመሩ።»

«ወንድም ጋሼ?» አለች ታየች ቀስ ብላ።

«ዝም በያት! ይቺ ሴት እንጀራችንን ልትደፋ ነው የምትዞረው» አለ ረታ ብድግ ብሎ። «ማስረጃሽ ብርቱካን ነው? በብርቱካን ሰው ይታሰራል?»

«አይታሰርም» አለች ዓይናለም። «ስለዚህ መጽሐፍ ቅዱስዎን ይክፈቱልን።»

ረታ ክንዱን ጠበቅ አደረገ።

«ከመጣሁ ጀምሮ ከብብትዎ አልተለየም። ጸሎት ሲመሩ ግን የእህትዎን ተዋሱ። ሽማግሌ የራሱን ይዞ የሰው መጽሐፍ ሲለምን በዕድሜዬ አላየሁም። መኪናዎን እንደ ሌላው መኪና ሁሉ ፖሊስ በሩ ላይ ፈትሾታል፤ ቤትዎ እንዳይሄዱ ለቅሶው ያዘዎት፤ ቀጠሮው ደግሞ ማታ ነው። ሌላ የት ያስቀምጡታል?»

ረታ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሲል አብደላ ከበሩ ንቅንቅ አላለም። ሙሊ መጥቶ ቦርሳውን ከብብቱ መዘዘና ዚፑን ከፈተው። ውስጡ መጽሐፍ አልነበረም። በፎጣ የተጠቀለለች ሳጥን ወጣች፤ ፋብሪካው እንዳለበሳት፣ ላስቲኳ የሚያብለጨልጭ ጄም ባዛር። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላል ያገራችን ሰው፤ ረታ ግን የብብቱን ሲጥል ከሥራውም፣ ከሽምግልናውም፣ ከእህቱም ጋር ነበር የጣለው።

«መግደል አልፈለግሁም» አለ ተመልሶ ሲቀመጥ። ሶፋው አሁንም ተንጫጫ፤ ማንም አልሳቀም። «ቅዳሜ ጠዋት እኮ ሁልጊዜ መኪና ሊያሳጥብ ይወጣል። ዛሬ ገዢው ስለሚመጣ ቀርቶ ነበር። ሳጥኑን ስለውጥ ገባ። ቢቆጣ፣ ቢጮህ እኮ ይቅርታ እለው ነበር። ሳቀ! ‹ሽማግሌው! አንተም ለአሻንጉሊት?› ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። ከጄኔቫ ድረስ ለፍቼ ያመጣሁትን የተከፈተ ሳጥን እያየ ሳቀብኝ።»

«እና ልጅቷን?» አለች ዓይናለም። «እሷም ስቃብህ ነበር?» አንቱታው ከአፏ ሲወድቅ ራሷም አልተሰማትም።

ረታ ሐሊናን አላያትም። «ስደተኛ ናት» አለ። «ሌላ ጊዜ ያልፍላታል ብዬ ነው።»

ታየች ተነሥታ በጥፊ መታችው። በጠዋት ሐሊናን የመታችበት እጅ ነበር። ከዚያ እጇን እያየች ቆማ ቀረች፤ ለባሏ ታልቅስ ወይስ ለወንድሟ፣ ያወቀች አትመስልም። ሙሊ ረታን ለፖሊሶቹ አስረከበና የሐሊናን ካቴና በራሱ እጅ ፈታ።

«ይንገሯት» አለ ለዓይናለም። «መዝገቤ ውስጥ የምትገባው ሬሳውን እንዳገኘች ምስክር ብቻ ነው። የካናዳ ሰዎች ቢጠይቁ ይህንኑ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ትሂድ።»

ዓይናለም ተረጎመችላት። ሐሊና ራሷን ነቀነቀች እንጂ አላመሰገነችም። ለማመስገን ማን ምን አድርጎላት!

ኢዮስያስ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። ሙሊ ያስቀመጣትን ሳጥን ጎንበስ ብሎ ከግራም ከቀኝም አያት። እጁን ሊዘረጋ ቃጣና ተወው።

«አልተጫረም፣ አይደል?» አለ። «ፕላስቲኩ?»

በዚያው ሰዓት አራት ሰዎች ተካልኝን በነጭ አንሶላ ሸፍነው ከሥራ ክፍሉ ይዘውት ወጡ። ቤተ ዘመዱ ሁሉ ሳጥኗን ከቦ ስለነበር መንገድ የለቀቀላቸው የለም፤ በስዋሂሊ «ሳማሃኒ፣ ሳማሃኒ» እያሉ ይቅርታ እየጠየቁ በሶፋዎቹ መሐል ተሹለኩ። ሐሊና ብቻ ተከተለቻቸው። ደጃፉ ላይ ስትደርስ የአንሶላውን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘችና ቀኑን ሙሉ ያነቃትን ድምፅ ለቀቀችው።

«አጎቴ! አጎቴ! አባቴ!»

ጩኸቷ ከግቢው አልፎ አርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ ድረስ ተሰማ። ማታቱ የሚጠብቁ ሰዎች ዞረው አዩ፤ አስካሪው ቆቡን አወለቀ። ከቤቱ ውስጥ ግን የተቀበላት ድምፅ አልነበረም። ዓይናለም በሰው ቤት አልቅሳ አታውቅም። የሥራ ቦርሳዋን መሬት ጣለችና፣ ሙሾ ለብቻ አይወጣምና፣ ሄዳ ከልጅቷ ጎን ቆማ ተቀበለቻት።